የማር ልጆች ቤት

ልጄ ማስተዋል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጸጉሯን ስሠራላት፣ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦

«እማዬ፣ ነገ እዚያ ስንደርስ ‹አክስቴ› እልሻለሁ። እሺ። ኋላ ልትወስጂኝ ስትመጪስ ምን ብዬ ነው የምጠራሽ?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ልናገር። አባቷ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ እንደወረደ ወሬው ጠፍቷል። እኔ የሰው ልብስ እያጠብኩ አሳድጋት ነበር። ኋላ በረኪናው እጄን ላጠው። ጣቶቼ እየተሰነጠቁ ደሙ ነጭ አንሶላ ላይ መታየት ሲጀምር ደንበኞቼ አንድ በአንድ ቀሩ። አልፈርድባቸውም፤ ደም የነካው አንሶላ ማን ይወዳል። ከዚያ ወዲያ የመጣውን ረሃብ ያየው ያውቀዋል፤ ላላየው ብነግረው አይገባውም።

በከተማችን ከወንዙ ማዶ አሳዳጊ የሌላቸው ሕፃናት የሚያድጉበት ግቢ አለ። ልጆቹ ጫማ አላቸው፤ ጠዋት ወተት ይጠጣሉ፤ ትምህርት ቤት በሰልፍ ይሄዳሉ። ግቢው የሚቀበለው ግን እናትም አባትም የሌለውን ልጅ ብቻ ነው። ይህን የነገረችኝ ጎረቤቴ እትዬ ላቀች ናት። መላውም የእሷ ነው። ክፋት የለባትም፤ ከጉሮሮዋ ነጥላ ስታጎርሰን የቆየች ሴት ናት።

«እናቷ ሞታለች፣ እኔ አክስቷ ነኝ ትያለሽ፤ አለቀ» አለችኝ። «እዚያ ያለው ልጅ ሁሉ እናት የሌለው መሰለሽ እንዴ? ያ ሁሉ እናት ሞቶ ቢሆንማ ኖሮ ቀባሪም ባልተገኘ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አደረገችና፣ «አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ። ስትሰጫት እንዳታለቅሺ። አክስት እንዲያ አታለቅስም» አለችኝ።

ማስተዋልንም አለማመደቻት። ወደ እኔ በጣቷ እያመለከተች፣ «ይህች ማናት?» ትላታለች።

«አክስቴ።»

«እናትሽስ?»

«ሞታለች።»

«ጎሽ! የኔ ብልጥ!»

ልጄ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ከት ብላ ትስቅ ነበር። ኋላ ኋላ ግን ሳትስቅ መመለስ ጀመረች።

እንግዲህ ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ በመሄጃችን ዋዜማ ነው። በጉልበቶቼ መሃል ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች፤ ፊቴን አታይም። የተሰነጠቁት ጣቶቼ ጸጉሯን እየያዙ ያስቸግሩኝ ነበር። የተማርኩት ጥቂት ነው። እናቴ ግን ነገር በቀጥታ አልናገር ሲላት በምሳሌ ትጀምረው ነበር፤ እኔም ከእሷ ወርሼዋለሁ። ጎንጉኜ እስክጨርስ ድረስ እንዲህ ብዬ ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ።

ቤቱ መንገድ ዳር ነው፤ ሀብቱ ንብ ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለው ዋርካ ላይ ቀፎ ይሰቅላል፤ ማር ይቆርጣል፤ በማሩ ይኖራል። ሚስት ነበረችው። ልጅ ግን እግዚአብሔር አልሰጣቸውም።

በዚያ አገር የሌላ ሰው ልጅ የራስ የሚደረግበት ወግ አለ። ወላጅ የሞተበትን ልጅ ላሳድግ ያለ ሰው በሽማግሎች ፊት ይቀርባል። አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ልጁን ያጠባዋል። ከዚያም፣ «ይህን ልጅ ብክድ እንደ ሰም ያቅልጠኝ» ብሎ ይምላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጁ የማር ልጁ ነው፤ ከአብራኩ ከወጣው አይለይም። ማር የጠባ ልጅ ደግሞ ሌላ ወላጅ አይጠራም። ስለዚህ አሮጌዎቹ ሰዎች፣ እናቱ በሕይወት ላለች ልጅ ማር አይነከርም ይላሉ። ይህን ልብ በይ ልጄ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ክፉ ዘመን መጣ። ዝናቡ ቀረ፤ ከብቱ አለቀ፤ ሰው ቤቱን ዘግቶ እህል አለ ወደተባለበት አገር ተሰደደ። መንገዱም በዚያ ሰው ደጅ ያልፋል። አንድ ጠዋት ሰውየው ንቦቹን ሊያይ ቢወጣ ዋርካው ሥር አንዲት ሴት ተኝታለች። ቀረብ ብሎ ቢያያት ሞታለች። ሕፃኗ ግን በሕይወት ነበር፤ ደረቱ ላይ ጉንዳን ይሄድበታል፤ የሚያራግፍበት አቅም እንኳ አልነበረውም።

ሰውየው ሴትየዋን ቀበራት። ሕፃኑን ሽማግሎች ፊት ይዞ ቀረበ፤ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጠባው፤ መሐላውንም ማለ። ሚስቱም በደስታ አለቀሰች። እስከዚህ ድረስ የሠራው ሥራ በሰማይም በምድርም የሚመሰገን ነው።

ወሩ ሳያልቅ ሁለተኛ ልጅ መጣ። ከዚያ ሌሎች መጡ። ሚስቱ ቀን ከሌት ትፈጫለች። «አንተ ሰው፣ ማሩ ያልቅ እንደሆነ እንጂ ጣትህ አያልቅም!» እያለች ትቀልድበት ነበር። ቀልዷ ግን እውነት ሆነ፤ እህሉም ማሩም ተመናመነ። ሰውየው የሚያደርገው ቢያጣ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ፣ «ወገኖቼ፣ ልጆቹን ብቻዬን አልቻልኳቸውም» አለ።

በዚያ አገር በክፉ ዘመን እንኳ ጎተራቸው ያልጎደለ ባለጠጎች ነበሩ። ልባቸው ተነካ። ተሰብስበው ተማከሩና እህል እንሰጣለን አሉ። ነገር ግን ሕግ አወጡ። ከእነሱ ሁሉ የሚበልጠው አንድ ባለ ጎተራ ተነሥቶ እንዲህ አለ።

«እናትም አባትም የሌለው ብቻ ይግባ። እናት ያለው ለእናቱ። አለዚያ አገሩ ሁሉ ልጁን እያዘለ መጥቶ ይጨርሰናል።»

አንድ ድሃ ገበሬ ከኋላ ሆኖ እጁን አወጣ። «ጌታዬ፣ ልጁ እዚህ የሚበላውን ያህል ለእናቲቱ ብንሰጣትስ? ይዛው ቤቷ ትገባለች።»

ባለ ጎተራው ሳቀ። «እናት ጎጆዋ ገብታ ልጇን ስታበላ ማን ያያታል?» አለው። ሰውም ሳቀ። ገበሬው ተቀመጠ።

ባለ ማሩም ዝም አለ። የልመና እህል የሚቀበል ሰው ሕግ አይመርጥም። ደግሞም ሕጉ ትክክል መስሎት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዳትጠይው።

ከዚያ አንዲት ሴት መጣች። ራሷን በቀይ ሻሽ አስራለች። ትንሽ ልጇ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ይዛ ትከተላታለች። ደጁ ላይ ቆማ ልጇን እንዲያሳድግላት ለመነችው።

«እኔ ብፈልግም አልችልም» አላት። «እህሉ የኔ አይደለም፤ ሕጉም የኔ አይደለም። እናት ያለው አይገባም።»

«ጌታዬ፣ እኔ አልበላም። እሷን ብቻ።»

«እናት አላት አልኩሽ እኮ!»

«አለቻት» አለች ሴትየዋ። «ምን ታደርግላታለች?»

ባለ ማሩ በሩን ዘጋ። ሚስቱ ግን በጓሮ በኩል ወጥታ ያለቻትን ቆሎ በእፍኟ ሰጠቻትና ሸኘቻት።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አንዲት ሴት በሌላው መንገድ መጣች። ሻሽ የላትም፤ ጸጉሯን ተላጭታለች። ልጅ ይዛለች። «ከላይ አገር ነው የመጣሁት» አለች። «የዚህች ልጅ እናት መንገድ ላይ ሞተችብን። እኔ ጎረቤት ነኝ። አደራዋን ላድርስ ብዬ ነው።»

ባለ ማሩ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዝቅ ብሎ ልጅቱን አያት። ልጅቱ የሴትየዋን ቀሚስ ጫፍ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ይዛለች። ጎረቤትን እንዲያ የሚይዝ ልጅ የለም።

ዝም አለ። ሚስቱም ባሏን አየችው፤ ዝም አለች።

«ነፍስ ይማር» አለ በመጨረሻ።

«ነፍሷን ይማረው» አለች ሴትየዋም።

ለገዛ ነፍሷ ነፍስ ይማር አለች። ከዚያ ሰውየው ጣቱን ማር ሲነክር፣ ልጇ የሰው ጣት ስትጠባ፣ ሽማግሎቹም «የማር ልጅህ ትሁን፤ ሌላ ወላጅ አትጥራ» ብለው ሲመርቁ ቆማ አየች። አላለቀሰችም። ጎረቤት እንዲያ አታለቅስማ። ከመሄዷ በፊት ቀሚሷን ከልጅቱ ጣቶች ቀስ ብላ አላቀቀች።

እዚህ ላይ ስደርስ ማስተዋል አንገቷን ልታዞር ፈለገች፤ ጸጉሯ በእጄ ነውና አልቻለችም።

«እማዬ፣ አውቋታል እኮ!» አለችኝ።

«አውቋታል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

«አዝኖላት ነው። ከሐዘኔታ የሚወለድ ውሸት ከሁሉም ይከፋል፤ የሚያፍርበት የለምና።»

ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ። ወሬ ይሰማል። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ በር አንዲትም እናት አልመጣችም። አክስት መጣች፤ ጎረቤት መጣች፤ የእንጀራ እናት መጣች፤ መንገድ ላይ አግኝቼው ነው የምትል መንገደኛ መጣች። ሁሉም «እናቱ ሞታለች» ይላሉ፤ ሁሉም «ነፍስ ይማር» ይባላሉ። እነዚያን ሴቶች አልፈርድባቸውም። እግዚአብሔርም የሚፈርድባቸው አይመስለኝም። ልጅ እንዲበላ እናት መሞት አለባት ከተባለ እናት ትሞታለች፤ ምን ገዷት።

ቤቱ ሰፋ። ረጅም አዳራሽ ተሠራ፤ አጥር ታጠረ፤ በር ላይ ዘበኛ ቆመ። ስሙ በየአገሩ ተሰማ፤ የማር ልጆች ቤት ተባለ። በየዓመቱም እሸት ሲደርስ እህል ሰጪዎቹ ልጆቹን ሊያዩ ይመጣሉ። ድግስ ይደገሳል። ልጆቹ ታጥበው ይሰለፋሉ፤ ተራ በተራም ወደፊት እየወጡ እንዲህ ይላሉ፦ «እናቴ ሞተች፤ አባቴ ሞተ፤ የማር ቤት አሳደገኝ። ለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ።» ይህን ያስጠናቻቸው ያችው ደግ ሚስት ናት። አንዱ ሕፃን አልያዝ ብሎት፣ «አባቴ ሞተ፤ እናቴ ነገ ትመጣለች» ብሎ ተናገረና ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱን ከሰልፉ ኋላ አደረጉት። ቃሉን እስኪያጠና ድረስ ማር አልሰጡትም።

አጠናው።

እንዲህ እንዲህ ሲሉ ዓመታት አለፉ። ዝናቡ ተመለሰ። የተሰደደውም ሰው እየተመለሰ መሬቱን አረሰ። ያች ባለ ቀይ ሻሽ ሴትም ካለችበት ተርፋ አገሯ ገባች። ከዘመድ በሬ ለምና አረሰች፤ በቆሎ ዘራች፤ ደረሰላት። መጀመሪያ የደረሰውን እሸት በነጠላዋ ቋጠረችና ልጇን ልታመጣ ወጣች። ቤቷንም ጠርጋ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን መደብ ሠርታ ነው የወጣችው።

የደረሰችው በድግሱ ቀን ነበር። እሷ አላወቀችም።

ዘበኛው በሩ ላይ፣ «የማን ነሽ?» አላት።

«ልጄን ልወስድ ነው።»

«ልጄ?» አለና ሳቀባት። «አንቺ ሴት፣ ይህ የሙት ልጆች ቤት ነው። እዚህ ያለው ሁሉ እናቱ ሞታለች። በየዓመቱ ሲናገሩ በጆሮዬ እሰማለሁ።»

ሴትየዋ በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ባለ ጎተራው በመሃል ተቀምጧል፤ ልጆቹ ተሰልፈዋል። ሰልፉን በዓይኗ ፈተሸችና ልጇን አገኘቻት። ልጅቱ አድጋለች፤ ጸጉሯ ተሠርቶላታል፤ ጫማ አድርጋለች። ሴትየዋ ስሟን ጠራች።

እንግዶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«ይህች ደግሞ ማናት?» አለ ባለ ጎተራው።

ዓይን ሁሉ ወደ ባለ ማሩ ዞረ። አሁን ልብ ብለሽ ስሚ፤ ምሳሌው ያለው እዚህ ነው። ሰውየው ሴትየዋን አውቋታል። «እናቷ ናት» ቢል አንድ ቃል ነው። ግን ያችን ቃል ከተናገረ ሰጪዎቹ፣ «ታዲያ የሌሎቹስ? እስከ ዛሬ እናት ያለውን ልጅ የሙት ልጅ እያልክ ኖሯል እህላችንን የበላኸው!» ብለው እንደሚነሡ አወቀ። ሰልፉን አየ። ስንቱን አክስት፣ ስንቱን ጎረቤት አስታወሰ። «አላውቃትም» እንዳይል ደግሞ እግዚአብሔርን ይፈራል።

ምን አደረገ መሰለሽ? እሱ መመለስ የነበረበትን ጥያቄ ለልጅቱ ሰጣት።

«ነይ ልጄ» ብሎ ወደፊት አወጣት። «ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?»

ልጅቱ ሴትየዋን አየቻት። ባለ ጎተራውን አየችው። የማር አባቷን አውራ ጣት አየችው። ከዚያ ያጠናችውን ተናገረች።

«እናቴ ሞታለች።»

እንዲህ ስትል ግን በሁለት ጣቷ የገዛ ቀሚሷን ጫፍ ቆንጥራ ይዛ ነበር። ባለ ማሩ አየ። ሚስቱም አየች። ሌላ ያስተዋለ አልነበረም።

ሴትየዋ ነጠላዋን ፈታችና እሸቱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እውነቷን ነው» አለች። «እዚሁ በር ላይ እኔው ራሴ ነኝ የቀበርኳት።»

«ምስኪን! አእምሮዋን ነክቷታል» አለ ባለ ጎተራው። አዘነላት። እውነተኛ ሐዘን ነው ያዘነላት። ከፊቱ ካለው ድፎ ዳቦ ቆርሶ እንዲሰጧት አዘዘ። እሷም በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

እሸቱን ልጆቹ ጠብሰው በሉት። ያችም ልጅ በላች። ጣፈጣት።

«ከዚያስ?» አለች ማስተዋል።

«ከዚያ የለም።»

«ሴትየዋ ሌላ ቀን አልመጣችም?»

«እንዴት ትምጣ? ሞታለች እኮ።»

እኔም የቀረውን ነገርኳት።

ባለ ማሩ እስኪሞት ድረስ ማር አልቀመሰም ይባላል። አንድ ቀን ሚስቱን፣ «እስቲ ፍረጂኝ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ቤቱን ላፍርሰው ኖሯል?» ብሎ ጠየቃት።

«በድግሱ ቀንማ መሽቶብህ ነበር» አለችው። «መጀመሪያ በቀይ ሻሽ የመጣች ዕለት ነበር። የልጅቱን ቀለብ ለእናቲቱ ማስያዝ ነበረብህ።»

«ሕጉስ?»

«ሕጉን ማን አወጣው? የጠገበ።»

«መሐላዬን ግን አልካድኩም» አለ ሰውየው። «አንድም የማር ልጄን አልካድኩም።»

«አልካድክም» አለችው። «መሐላው ልጅን ለሚክድ ነው። ልጅን ለሚያስክድ ማን መሐላ አዘጋጀ?»

ሰውየው ሲሞት አገር አለቀሰለት፤ ይገባዋልም፤ በእሱ ምክንያት ያልሞተው ልጅ ብዙ ነው። ቤቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። አሁን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ሕጉ ከየት እንደመጣ አያውቁም። በድግሱ ቀን የቤቱን ታሪክ ለእንግዶች ሲተርኩ፣ «ከዚህ ደጅ አንዲትም እናት ባዶ እጇን አልተመለሰችም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ያችም ብትሆን ዳቦ ይዛ ነው የተመለሰችው።

ጸጉሯን ጨርሼ ነበር። ትከሻዋን ይዤ ወደ እኔ አዞርኳት።

«አሁን ጥያቄሽን ልመልስልሽ» አልኳት። «ከወንዙ ማዶ ያለው ግቢ እንደዚያ ሰው ቤት ነው። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ወተቱም እውነተኛ ወተት ነው፤ አልዋሽሽም። እትዬ ላቀችም ደግ ናት። በሩ ግን እኔን ሞቼ ካላገኘኝ አንቺን አያስገባም። ኋላ ልወስድሽ ስመጣ ምን ብለሽ እንደምትጠሪኝ ጠየቅሽኝ። ልጄ፣ ነገ አክስቴ ካልሽኝ፣ ኋላ የምትጠሪኝበት ስም የለም። እኔ ስምሽን እየጠራሁ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ አንቺም ያጠናሽውን ትናገሪያለሽ። ጥፋቱም ያንቺ አይሆንም። እኔ የምፈራው ይህን ነው።»

ማስተዋል ብዙ አሰበች። እሷ ስታስብ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«እሺ» አለች። «ግን ካልሄድኩ ይርበናል።»

«አዎ» አልኳት። «ይርበናል።»

ለዚህ ምሳሌ አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት ጸሎቴን ሳደርስ እትዬ ላቀች መጣች። አክስት ስሆን የምለብሰው የታጠበ ነጠላ ይዛልኝ ነው። አክስት እንደማልሆን ነገርኳት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

ምሳሌውን ባጭሩ ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አሁን ምሳሌ ይበላል?» አለችኝ። «እስቲ ቁርስ አድርጊና አቅርቢላት!»

«አይበላም እትዬ።»

«ታዲያ በምን ልታሳድጊያት ነው? በወሬ?»

እሷም ንዴቷ ሳይበርድ ነጠላውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና፣ «ልበሺው ለማንኛውም! እናትም ብትሆኚ ይበርድሻል» ብላ ወጣች። በሩን አጥብቃ ዘጋችው።

ነጠላውን ለበስኩ። ማስተዋልን እጇን ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። ግቢው በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ከፊቴ የነበረችው ሴት ወንድ ልጅ አዝላለች፤ ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ዘበኛው ሳያያት፣ «ምኑ ነሽ?» አላት።

«አክስቱ ነኝ።»

«እናቱስ?»

«ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር። ግቢ።»

ተራዬ ደረሰ። ማስተዋል እጄን አጥብቃ ያዘች፤ ቁስሌን አመመኝ፤ አለቀቅኳትም።

«ምኗ ነሽ?»

«እናቷ ነኝ።»

ዘበኛው ቀና አለ።

«ልጄን ልሰጥ አልመጣሁም» አልኩት። «ሥራ ልጠይቅ ነው። እጄ ቆስሏል፤ ልብስ ማጠብ አልችልም። ግቢ ግን እጠርጋለሁ፤ እህል እለቅማለሁ። የያዛችሁት ሕግ እናት ይዛ የመጣችውን ልጅ አይቀበልም፤ ልጅ ይዛ የመጣች ሠራተኛ ከከለከለ ግን አለቆችህ ራሳቸው ወጥተው ይንገሩኝ። እቆማለሁ።»

ከኋላዬ ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ዘበኛው ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ በር ላይ ሲቆም አክስት አስገብቷል፤ ጎረቤት አስገብቷል። እናት ግን አጋጥማው አታውቅምና በየት በኩል እንደምትገባ ግራ ገባው።